የቢሮን ባክአፕ ወደ ሩቅ ሰርቨር ማስተላለፍ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በመሥሪያ ቤታችን ያሉት ኮምፒውተሮችና ሁለት ሰርቨሮች በየሌሊቱ ባክአፕ የሚደረጉት በውስጥ ኔትወርካችን ላይ በሚገኝ አንድ የማከማቻ ሰርቨር ነው። ጠቅላላ መጠኑ 2 ቴራባይት ገደማ ደርሷል። ሕንጻው ቢቃጠል ወይም ቢዘረፍ ሁሉም አብሮ እንዳይጠፋ በማሰብ በሌላ ከተማ ባለ የዳታ ማዕከል ሰርቨር ተከራይተን፣ አርሲንክ የተባለው ፋይል የሚያመሳስል ፕሮግራም ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሁሉንም ወደዚያ እንዲያስተላልፍ አድርጌአለሁ። በውስጥ የተደመሰሰ ፋይል በሩቁም እንዲደመሰስ «ዲሊት» የሚባለውን አማራጭ ጨምሬበታለሁ። የሥራ ባልደረባዬ ግን «እንዲህ ያለው ቅጂ ከእሳት እንጂ ከሌላው ነገር አያድነንም» ይሉኛል። እውነት አላቸው?

መልስ፦ ባልደረባዎ ያሉት እውነት ነው፤ የሠሩት ሥራ ግን ከንቱ አይደለም። ባክአፕ ከዋናው መረጃ ጋር በአንድ ግቢ መቀመጥ እንደሌለበት እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2021 በፈረንሳይ፣ ስትራስቡርግ ከተማ፣ በኦቪኤች የዳታ ማዕከል የተነሣው እሳት በግልጽ አሳይቷል። ከማዕከሉ ሕንጻዎች አንዱ ሙሉ በሙሉ ሲወድም፣ ባክአፓቸውን በዚያው ስፍራ ያስቀመጡ ደንበኞች ዋናውንም መጠባበቂያውንም አንድ ላይ አጥተዋል። የእርስዎ ቅጂ በሌላ ከተማ መሆኑ ከዚህ ዓይነቱ አደጋ ይጠብቃችኋል።

ይሁን እንጂ መረጃ በአብዛኛው የሚጠፋው በእሳት አይደለም። አንድ ሠራተኛ ሳያስበው ፎልደር ይደመስሳል፤ ዲስክ ቀስ በቀስ እየተበላሸ የፋይሎችን ይዘት ያዛባል፤ ራንሰምዌር የተባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ጎጂ ፕሮግራም ያገኘውን ሁሉ ይቆልፋል። በእነዚህ ሁሉ ጊዜያት የእርስዎ አርሲንክ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሥራውን ይጀምርና ጥፋቱን ሳያጓድል ወደ ሩቁ ሰርቨር ያደርሰዋል፤ የተደመሰሰውን እዚያም ይደመስሳል፣ የተቆለፈውን በጤነኛው ላይ ይጽፋል። ጉዳዩ በማግስቱ ጠዋት ሲታወቅ ሁለቱም ቦታ ያለው አንድ ዓይነት ብልሽት ይሆናል። የሩቁ ሰርቨር የውስጡን ያለ ጥያቄ የሚታዘዝ እስከሆነ ድረስ ርቀቱ ብቻውን አያድንም።

በተለይ አንድ ነገር ዛሬውኑ እንዲፈትሹ እለምንዎታለሁ። የማከማቻ ሰርቨሩ ኤሌክትሪክ ተቋርጦበት እንደገና ሲነሣ የባክአፑ ዲስክ ማውንት ሳይደረግ፣ ማለትም ከሥርዓቱ ጋር ሳይያያዝ፣ ሊቀር ይችላል። ያን ጊዜ ዲስኩ ይታይበት የነበረው ፎልደር ባዶውን ይቆማል። አርሲንክ ደግሞ ባዶ ፎልደር ሲያይ የሚረዳው ባለቤቱ ሁሉን ነገር እንደ ደመሰሰ ነው፤ ስለዚህ አንድም የስሕተት መልእክት ሳያሳይ በሩቁ ሰርቨር ያለውን 2 ቴራባይት ሊጠርገው ይችላል። መከላከያው ግን ቀላል ነው። በዲስኩ ውስጥ አንድ ትንሽ የምልክት ፋይል ያስቀምጡና አርሲንክን የሚያስነሣው ስክሪፕት (የትዕዛዝ ፋይል) ያንን ፋይል ካላገኘ ሥራውን ሳይጀምር እንዲያቆም ያድርጉት። «ማክስ ዲሊት» በሚባለው አማራጭም በአንድ ዙር ሊደመሰሱ የሚችሉትን ፋይሎች ብዛት ይገድቡ። በስክሪፕቱ ላይ ለውጥ ባደረጉ ቁጥር ደግሞ በመጀመሪያ «ድራይ ረን» በተባለው አማራጭ ያስኪዱት፤ ምንም ሳይነካ ምን ሊያደርግ እንደነበር ይዘረዝርልዎታል።

ዋናው መፍትሔ ሁለት ነገሮችን ይጠይቃል፤ የመጀመሪያው የሩቁ ሰርቨር የትናንቱንና የባለፈውን ወር ሁኔታ በራሱ እንዲይዝ ማድረግ ነው። የሩቁ ሰርቨር ዜድኤፍኤስ ወይም ቢቲአርኤፍኤስ የተባሉትን የፋይል ሥርዓቶች የሚጠቀም ከሆነ፣ አርሲንክ በጨረሰ ቁጥር ሩቁ ሰርቨር ራሱ ስናፕሾት፣ ማለትም የፋይሎቹን የዚያን ቅጽበት ሁኔታ የሚይዝ ቅጂ፣ እንዲወስድ ያድርጉ። ስናፕሾት የተለወጡትን ክፍሎች ብቻ ስለሚይዝ ቦታ የሚወስደው በለውጡ ልክ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ማናቸውም ድምሰሳም የቀደመውን ስናፕሾት አይነካውም። እንዲህ ያለ የፋይል ሥርዓት ከሌለ የአርሲንክ «ሊንክ ዴስት» አማራጭ ተቀራራቢ ውጤት ይሰጣል፤ ለእያንዳንዱ ቀን የተለየ ፎልደር ይፈጥራል፣ ያልተለወጡትን ፋይሎች ግን እንደገና ሳይገለብጥ ከቀድሞው ፎልደር ጋር በሃርድ ሊንክ፣ ማለትም ለዚያው ፋይል ሁለተኛ ስም በመስጠት፣ ያያይዛቸዋል። ምን ያህል ወደኋላ ይቀመጥ ለሚለው፣ 7 ዕለታዊ፣ 4 ሳምንታዊና 12 ወርኃዊ ቅጂ ማስቀመጥ ለብዙ መሥሪያ ቤቶች ይበቃል። በእኔ እምነት ወርኃዊዎቹን መቀነስ አይገባም፤ ምክንያቱም የተበላሸ ፋይል መበላሸቱ የሚታወቀው አንድ ሰው ከወራት በኋላ ሊከፍተው ሲሞክር ነው።

ሁለተኛው ነገር ሥልጣን ነው፤ እኔ ከሁሉ አብልጬ የማሳስበውም ይህንኑ ነው። አሁን ባለው አሠራር የውስጡ ሰርቨር በሩቁ ላይ የመጻፍም የመደምሰስም መብት አለው። የውስጡን ሰርቨር የተቆጣጠረ ሰርጎ ገብ በዚያው ቁልፍ ወደ ሩቁ ገብቶ ቅጂዎቹን ሁሉ ማጥፋት ይችላል፤ የራንሰምዌር ወንበዴዎችም ፋይል ከመቆለፋቸው በፊት ባክአፕ ፈልገው ማጥፋትን ልማድ አድርገውታል። ስለዚህ የሚሻለው አቅጣጫውን መገልበጥ፣ ማለትም የሩቁ ሰርቨር ራሱ መጥቶ ከውስጡ እንዲወስድ ማድረግ ነው። ለዚህም በውስጡ ሰርቨር ላይ ማንበብ ብቻ የሚችል አካውንት ይከፈትለታል፤ በውስጡ ሰርቨር ላይ ግን የሩቁን የሚከፍት ምንም ቁልፍ አይቀመጥም። ይህ በኔትወርካችሁ አቀማመጥ የማይቻል ከሆነ፣ በሩቁ ሰርቨር የኤስኤስኤች (በምስጠራ ወደ ሩቅ ማሽን መግቢያ) ፈቃድ ፋይል ውስጥ ያ ቁልፍ አርሲንክን ብቻ፣ በአንድ ፎልደር ላይ ብቻ እንዲያስኬድ ገደብ ይጻፍበት። ከአርሲንክ ጋር አብሮ የሚመጣው «አርአርሲንክ» የተባለው ስክሪፕት የተሠራው ለዚሁ ነው። ስናፕሾት የመደምሰስ መብትም ለዚህ አካውንት ፈጽሞ አይሰጥ።

እ.ኤ.አ. በጁን 2017 ኖትፔትያ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም የመርከብ ማጓጓዣ ድርጅቱን ሜርስክን ሲመታ የታየው ይህንኑ ያስረዳል። የድርጅቱን የተጠቃሚዎች መዝገብ የሚይዙት ዶሜይን ኮንትሮለሮች በልዩ ልዩ አገሮች የተበተኑና አንዱ የሌላውን ይዘት የሚይዝ ስለነበሩ፣ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተካዋል ተብሎ ይታሰብ ነበር። ሁሉም ግን በአንድ ኔትወርክ የተያያዙ ነበሩና በአንድነት ጠፉ። የተረፈው ጋና በሚገኘው ቢሮ የነበረው ብቻ ነው፤ የተረፈውም ጥቃቱ በደረሰ ጊዜ መብራት ጠፍቶ ከኔትወርኩ ተለይቶ ስለነበር ነው። መልሶ ግንባታው የተጀመረው ከዚያ አንድ ቅጂ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ወደ ሌላው ጥያቄ ልለፍ። ዝውውሩ በሰዓት እንዲጀምር ማድረግ አይመከርም። የውስጡ ባክአፕ አንድ ሌሊት ዘግይቶ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ገና እየጻፈ ቢሆን፣ አርሲንክ ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ የሆነ ነገር ይወስዳል። ስለዚህ ዝውውሩ የሚጀምረው ባክአፑ በትክክል መጠናቀቁን ሲያስታውቅ ይሁን፤ ወይም በውስጡ ሰርቨር ላይ ስናፕሾት ወስደው የሚያስተላልፉት ያንን የማይለወጥ ስናፕሾት ይሁን።

ጥያቄ፦ የኢንተርኔት መስመራችን ወደ ውጭ የሚልክበት ፍጥነት በሰከንድ 10 ሜጋቢት ነው። በየሌሊቱ ከዳታቤዛችንና ከፋይሎቻችን አንድ 90 ጊጋባይት የሆነ የታመቀ ፋይል ይዘጋጃል፤ ስሙ ላይ የዕለቱ ቀን ይጻፍበታል። አርሲንክ ለውጡን ብቻ ይልካል ሲባል ሰምቼ ነበር፤ በእኛ ዘንድ ግን ሌሊት የተጀመረው ዝውውር እስከ ማግስቱ ምሽት አያልቅም። በቀን የሚለወጠው ሥራችን ከ3 ጊጋባይት አይበልጥም። ምክንያቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ አስቀድመን ሒሳቡን እንሥራ። በሰከንድ 10 ሜጋቢት ማለት 1.25 ሜጋባይት ነው፤ ይህም በሰዓት 4.5 ጊጋባይት፣ በ24 ሰዓት ደግሞ 108 ጊጋባይት ይሆናል። ስለዚህ 90 ጊጋባይት 20 ሰዓት ይፈጃል፤ የገለጹትም ከዚህ ጋር ይስማማል። መስመርዎ እንከን የለበትም፤ አርሲንክ በየቀኑ ፋይሉን ከሀ እስከ ፐ እየላከ ነው ማለት ነው።

ለውጡን ብቻ የሚልክበትን መንገድ ካየን ምክንያቱ ግልጽ ይሆናል። አንድሩ ትሪጅልና ፖል መከራስ እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጡት ይህ ዘዴ፣ ተቀባዩ በእጁ ያለውን አሮጌ ፋይል በእኩል መጠን ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ክፍል ሁለት መለያ ቁጥሮችን በማስላት ይጀምራል፤ አንደኛው ቶሎ የሚሰላ አጭር ቁጥር ሲሆን ሁለተኛው የማያሳስት ረጅም ቁጥር ነው። ተቀባዩ እነዚህን ቁጥሮች ለላኪው ይሰጠዋል። ላኪው በአዲሱ ፋይል ላይ አንድ አንድ ባይት እየተንሸራተተ አጭሩን ቁጥር ያሰላል፤ ተመሳሳይ ሲያገኝ በረጅሙ ያረጋግጥና ያን ክፍል በመላክ ፈንታ «ይህ በእጅህ ያለው ክፍል ነው» ብሎ ያልፋል። የሚላከው አቻ ያልተገኘለት ብቻ ነው። በፋይሉ መካከል ጥቂት ፊደላት ቢገቡና የቀረው ሁሉ ወደፊት ቢገፋ እንኳ፣ ላኪው በየባይቱ ስለሚንሸራተት የተገፋውን ክፍል በአዲሱ ቦታው ያገኘዋል። ይህ በጣም የተዋጣለት ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ።

የእናንተ አሠራር ግን ይህን ዘዴ በሁለት ቦታ ያከሽፈዋል። ፋይሉ በየቀኑ አዲስ ስም ስላለው አርሲንክ በሩቁ ሰርቨር ላይ በዚያ ስም የሚያነጻጽረው አሮጌ ፋይል አያገኝም፤ ስለዚህ ሙሉውን ይልካል። ስሙን አንድ ብታደርጉት እንኳ የማመቁ ችግር አይወገድም። በታመቀ ፋይል ውስጥ መጀመሪያው አካባቢ አንድ ነገር ቢለወጥ ከዚያ በኋላ ያለው የባይት ቅደም ተከተል በሞላ ይለወጣልና፣ ይዘቱ ከትናንቱ ጋር አንድ ቢሆንም እንኳ አቻ የሚሆን ክፍል አይገኝም። በመላው ፋይል ላይ የሚደረግ ምስጠራም ውጤቱ ይኸው ነው።

መፍትሔው ፋይሉን ሳያምቁና ስሙን ሳይቀያይሩ ማስቀመጥ፣ ለመስመሩ ደግሞ አርሲንክ ራሱ በጉዞ ላይ እንዲያምቅ ማድረግ ነው፤ የቀናቱን ታሪክ ከላይ እንደተገለጸው በስናፕሾት ትይዙታላችሁ። ማመቁ ግድ ከሆነ፣ ጂዚፕ የተባለው የማመቂያ ፕሮግራም በብዙ ሥርዓቶች ላይ «አርሲንኬብል» የተባለ አማራጭ አለው፤ ማመቁን በየመካከሉ እንደ አዲስ ስለሚጀምር ለውጡ እስከ መጨረሻው አይዛመትም፤ የፋይሉ መጠን ግን በጥቂቱ ይጨምራል። አርሲንክ በተለምዶ አዲሱን ፋይል ከአሮጌው ጎን ከገነባ በኋላ ስለሚተካው፣ በሩቁ ሰርቨር ላይ ለጊዜው ሌላ 90 ጊጋባይት ክፍት ቦታ እንደሚያስፈልግም አይርሱ።

የሩቁ ሰርቨር ፎልደር በእናንተ ኮምፒውተር ላይ በኔትወርክ ማውንት ተደርጎ ከሆነ ደግሞ ዘዴው ጭራሽ አይሠራም። አርሲንክ ሁለቱም ወገን በአንድ ማሽን ላይ ያለ ስለሚመስለው ሙሉ ፋይል ይገለብጣል። በሩቁ ሰርቨር ላይም አርሲንክ ተጭኖ ሁለቱ በኤስኤስኤች መነጋገር አለባቸው።

ከአዲስ የሚጀምሩ ቢሆን ኖሮ ግን እኔ የምመርጠው ሬስቲክን ወይም ቦርግን የተባሉትን የባክአፕ ፕሮግራሞች ነው። እነዚህ ፋይሎችን በይዘታቸው ላይ ተመሥርተው በትናንሽ ቁራጭ ይከፋፍላሉ፣ አንድ ቁራጭ ሁለት ጊዜ አያስቀምጡም፣ ማመቁንና ምስጠራውን የሚያደርጉትም በየቁራጩ ስለሆነ በየቀኑ የሚጓዘው ለውጡ ብቻ ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። የቦርግን ማከማቻ በአርሲንክ ገልብጦ ወደ ሩቅ መላክ ቀላል ቢመስልም የቦርግ አዘጋጆች ራሳቸው አይመክሩትም፤ በውስጡ ማከማቻ ላይ የደረሰ ብልሽት አብሮ ይጓዛልና። የሚመክሩት በውስጥ አንድ፣ በሩቅ አንድ፣ ሁለት ራሳቸውን የቻሉ ማከማቻዎች ከፍቶ ወደ ሁለቱም ለየብቻ ባክአፕ ማድረግ ነው። ሬስቲክ ደግሞ ከአንድ ማከማቻ ወደ ሌላው ስናፕሾቶችን የሚያሻግር የራሱ ትዕዛዝ አለው።

በመጀመሪያው ጥያቄ እንደተጠቀሰው ያለ 2 ቴራባይት ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ መስመር ለመላክ እንዳትሞክሩ። ሌት ተቀን ቢሠራ ከ18 ቀን በላይ፣ በየሌሊቱ ለስምንት ሰዓታት ብቻ ቢሠራ 56 ሌሊት ገደማ ይፈጃል። በኢንክሪፕሽን በተቆለፈ ተንቀሳቃሽ ዲስክ ገልብጣችሁ በአካል ብታደርሱትና እዚያ ቢጫን፣ ከዚያ በኋላ በመስመሩ የሚሄደው ለውጡ ብቻ ይሆናል። ሲገለበጥ ግን የፋይሎቹ የለውጥ ቀንና ሰዓት እንዳይጠፋ ተጠንቀቁ። አርሲንክ ፋይል መለወጡን የሚያውቀው በመጠንና በሰዓት ስለሆነ፣ ሰዓቱ ከተዛባ 2 ቴራባይቱን ሁሉ በሁለቱም ወገን እንደገና አንብቦ ሊያነጻጽር ይነሣል።

ጥያቄ፦ የተከራየነው ሰርቨር የሌላ ድርጅት ንብረት ነው። መረጃችን በኤስኤስኤች የሚጓዝ ከሆነ ምስጢሩ የተጠበቀ ነው ማለት እንችላለን?

መልስ፦ በመንገድ ላይ ሳለ አዎን፤ ከደረሰ በኋላ ግን አይደለም። ኤስኤስኤች የሚጠብቀው ጉዞውን ነው፤ ዲስኩ ላይ ያረፈውን ፋይል የዚያ ሰርቨር አስተዳዳሪ እንደ ማንኛውም ፋይል ሊያነበው ይችላል። ስለዚህ ምስጠራው መረጃው ከግቢያችሁ ሳይወጣ መከናወን አለበት። ሬስቲክና ቦርግ ይህን ያደርጋሉ። ዜድኤፍኤስን በሁለቱም ወገን የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ኦፕንዜድኤፍኤስ እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው 0.8 እትም ጀምሮ የተመሰጠረውን መረጃ እንደተመሰጠረ መላክ ይችላል፤ የሩቁ ሰርቨር ቁልፉን ፈጽሞ ሳያውቀው ይቀበላል፣ ስናፕሾቱንም ያስቀምጣል።

ከዚህ ጋር የቁልፉ ነገር አብሮ ይነሣል። ቁልፉ የተቀመጠው ባክአፕ በሚደረገው ሰርቨር ላይ ብቻ ከሆነ፣ ያ ሰርቨር በጠፋ ዕለት ባክአፑም አብሮ ጠፋ ማለት ነው፤ አከራዩም ሆነ ሌላ ማንም ሊከፍተው አይችልም። በወረቀት ታትሞ፣ በፖስታ ታሽጎ፣ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይቀመጥ፤ ከእርስዎ ሌላም ቢያንስ አንድ ኃላፊ የት እንዳለ ይወቅ።

የሩቁን ማከማቻ እንደ ዊንዶውስ የጋራ ፎልደር ከፍቶ፣ ማለትም ፖርት 445ን ለኢንተርኔት አጋልጦ መጠቀም ፈጽሞ አይገባም፤ እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ራንሰምዌር የተስፋፋው በዚሁ አገልግሎት ቀዳዳ ነው። በኤስኤስኤች በኩል በይለፍ ቃል መግባትን ዘግታችሁ በቁልፍ ብቻ እንዲሆን አድርጉ፤ ከተቻለም ሁለቱን ሰርቨሮች እንደ ዋየርጋርድ ባለ ቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ በምስጠራ የተሠራ የግል መስመር) አገናኟቸው።

ጥያቄ፦ ዝውውሩ በየሌሊቱ በትክክል መካሄዱን በምን እናረጋግጣለን? አሁን የምናደርገው ስሕተት ሲፈጠር ኢሜይል እንዲላክልን ብቻ ነው።

መልስ፦ የስሕተት ኢሜይል ብቻውን አይበቃም። የፕሮግራም ኮድ ማከማቻ አገልግሎት የሚሰጠው ጊትላብ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 የዳታቤዙ ይዘት በስሕተት ሲደመሰስበት ያጋጠመው ይህ ነበር፤ ድርጅቱ ዝርዝሩን ራሱ በይፋ አውጥቶታል። ዕለታዊ ባክአፕ የሚያደርገው ፕሮግራም እትሙ ከዳታቤዙ እትም ጋር ስለማይጣጣም ሥራው ይከሽፍ ነበር። ክሽፈቱን የሚያሳውቁት ኢሜይሎች ደግሞ የላኪውን ማንነት የሚያረጋግጠውን ፍተሻ ስላላለፉ ተቀባዩ ሰርቨር ይመልሳቸው ነበር። ባክአፑ ሊቀመጥበት የሚገባው ስፍራ ሲከፈት ባዶ ሆኖ ተገኘ። ያዳናቸው አንድ መሐንዲስ ለሌላ ሥራ ብሎ ከስድስት ሰዓት በፊት የወሰደው ስናፕሾት ነው።

ስለዚህ ማስጠንቀቂያው የሚመጣው ስሕተት ሲነገር ሳይሆን የስኬት መልእክት ሲቀር ይሁን። ስክሪፕቱ በጨረሰ ቁጥር በሌላ ማሽን ላይ ለሚገኝ ተቆጣጣሪ «ጨርሻለሁ» ይበል፤ ይህ መልእክት በ26 ሰዓት ውስጥ ካልደረሰ ተቆጣጣሪው ይጥራችሁ። የአርሲንክን የመውጫ ቁጥርም ስክሪፕቱ ያንብብ። 0 ማለት ያለ ችግር ተጠናቋል ማለት ነው። 24 ማለት በዝውውሩ መካከል ከምንጩ የጠፉ ፋይሎች ነበሩ ማለት ነው፤ ከማይለወጥ ስናፕሾት የምትልኩ ከሆነ ይህ ቁጥር መምጣቱ ራሱ የሚመረመር ነገር ነው። 23 ግን በስሕተት ምክንያት ያልተላለፈ ነገር አለ ማለት ስለሆነ እንደ ስኬት ፈጽሞ አይቆጠር። የተላከውን መጠንም መዝግቡ። በየቀኑ 3 ጊጋባይት ይልክ የነበረ ሥራ በድንገት 300 ጊጋባይት ልላክ ካለ ብዙ ፋይሎች በአንድ ጊዜ ተለውጠዋል ማለት ነው፤ ራንሰምዌር ሊሆን ይችላልና ሥራው ቆሞ ሰው ይየው።

ይህ ሁሉ ግን ፋይሉ መድረሱን እንጂ መከፈቱን አያረጋግጥም። ቢያንስ በየሦስት ወሩ ከሩቁ ሰርቨር ብቻ፣ የውስጡን ማከማቻ ሳትነኩ፣ ዳታቤዙን በባዶ ማሽን ላይ መልሳችሁ አስነሡት፤ ፕሮግራሙ ይከፈት፣ የቅርቡ ቀን መዝገብ ይታይ። ይህን ሙከራ ስክሪፕቱን የጻፈው ሰው ሳይሆን ሌላ ሰው የተጻፈውን መመሪያ ብቻ ይዞ ቢሠራው ይመረጣል፤ በመመሪያው ላይ የጎደለው የሚታየው ያን ጊዜ ነው።

መልሶ ማምጣቱ የሚወስደውንም ጊዜ ለክተው ለኃላፊዎችዎ አስቀድመው ያሳውቁ። ወደ ውስጥ የሚቀበለው መስመራችሁ በሰከንድ 50 ሜጋቢት ቢሆን፣ ሳይቋረጥ ቢሠራ በቀን 540 ጊጋባይት ያመጣል፤ 2 ቴራባይቱ ከሦስት ቀን ተኩል በላይ ይወስዳል። መሥሪያ ቤቱ ይህን ያህል ቀን መቆም የማይችል ከሆነ፣ አከራዩ በአደጋ ጊዜ መረጃውን በዲስክ ገልብጦ ለመስጠት የሚገደድበት አንቀጽ አሁኑኑ በውሉ ውስጥ ይግባ፤ የትኛው ዳታቤዝ በመጀመሪያ፣ የትኛው ፎልደር በመጨረሻ እንደሚመለስም በጽሑፍ ተወስኖ ከታሸገው ቁልፍ ጋር ይቀመጥ።